ኮሮጆው ሲዘገይ

ሐውልት ሥር ድንጋይ የሚወራወሩ ወጣቶችን ስናይ «ምርጫ ሲመጣ ሰው ያብዳል» ማለት ይቀናናል። ምርጫ ሕዝቡን ያሞቃል፣ የሞቀ ሰው ሐውልት ላይ ይወጣል፣ ድምፅ ተሰጥቶ ሲያበቃ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል እንላለን። ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ ለተከተለው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በኢትዮጵያ ሐውልት የጠብ ምክንያት የሚሆነው ምርጫ በሞቀበት ሰሞን ሳይሆን፣ ማን ይግዛ የሚለው ጥያቄ መልስ አጥቶ በተንጠለጠለበት ሰሞን ነው፤ ወንበሩ ባዶ ሲሆን፣ ምርጫው ሲራዘም፣ ወይም ኮሮጆው ተቆጥሮ ምንም ሳይለወጥ ሲቀር። ይህን ለማየት ከአዲስ አበባ ወይም ከሐረር መጀመር አይበቃም። ሐውልት ሳይቆም በፊት ጥያቄው በምን ይፈታ እንደነበር ከደቡብ ጎንደር ደጋ በላይ የሚያሳይ ቦታ ስለሌለ ከደብረ ታቦር እንነሳ።

ደብረ ታቦር በየጁ ራሶች ዘመን የበጌምድር ብቻ ሳትሆን የአገሪቱ እንደራሴዎች መቀመጫ ነበረች። ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ የተቀመጠ ሰው ቢኖርም ሹም ሽሩ የሚወጣው ከዚህች ተራራማ ከተማ ነው። በ1834 የስሜንና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ፣ አዲስ የመጡትን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ከጎናቸው አሰልፈው ራስ አሊን ሊወጉ መጡ፤ ጦርነቱም ደብረ ታቦር ላይ ሆነ። አሊ ሸሹ፣ ውቤ ድል አደረጉ። ይሁንና ድል አድራጊው ድንኳናቸው ውስጥ ተቀምጠው ሲደሰቱ የአሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሰው ማረኳቸው። ጦርነቱን የሸሸው ሰው ሥልጣኑን እንደያዘ ቀረ፣ ያሸነፈው ታሰረ። ሜዳ የሚሰጠው ፍርድ እንዲህ ያለ ነው፤ ከምሳ እስከ እራት እንኳ ላይጸና ይችላል። ብዙም ሳይቆይ የቋራው ካሳ ሁለቱንም በየተራ ጣሏቸው፤ አሊን በ1845 አይሻል ላይ፣ ውቤን በ1847 ደረስጌ ላይ። በዚያ ሁሉ ግርግር ሐውልት ያቆመም ያፈረሰም አልነበረም። የሚፈርሰው ሰፈር፣ የሚቃጠለው ከተማ ነበር።

ካሳ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ በምትገኘው ጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የነበሩ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አዘዙ። የዚያ ሥራ ትልቁ ፍሬ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል ነው። በጥቅምት 1860 ከደብረ ታቦር ተነስቶ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነበር። በመካከሉ ያለው መንገድ ለመድፉ ሲባል ከገደሉ የተፈለፈለ ነው፤ ወታደሩ በጠፍር እየጎተተ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ በሽሎን ተሻገረ። ቴዎድሮስ ከመነሳታቸው በፊት ደብረ ታቦርን አቃጠሏት፤ ጎንደርን ከዚያ በፊት በ1859 አቃጥለዋታል፤ የበጌምድር ገበሬም በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከእጃቸው የቀመሰው መከራ በዜና መዋዕሎቹ ተጽፎ የሚገኝ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲገድሉ መድፉ እዚያው ቀረ። ዛሬ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። ይህን ልብ እንበል፤ ኋላ እንፈልገዋለን። ከዚህ ንጉሥ እጅ እንደ በጌምድር የተቃጠለ አገር የለም፤ የበጌምድር ልጅ ግን ያ መድፍ ይነሳልኝ ብሎ አደባባይ የወጣበት ቀን የለም።

ደብረ ታቦር የመንግሥቱን ጥያቄ በሜዳ ለመፍታት ለመጨረሻ ጊዜ የሞከረችው በ1922 ነው። ራስ ጉግሣ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅና የንግሥት ዘውዲቱ ባል ነበሩ። በ1909 ዘውዲቱ ሲነግሡ መኳንንቱ ባልና ሚስቱን አለያዩዋቸው፤ ጉግሣ በጌምድርን ይዘው ደብረ ታቦር ተቀመጡ። ተፈሪ መኰንን በ1921 ንጉሥ ሲባሉ ቀጥሎ የሚሆነው ለማንም ግልጽ ነበር። ጉግሣ ጦራቸውን አስከትተው ወጡ። አንቺም ሜዳ ላይ የገጠማቸው ግን የቆየው ዓይነት ውጊያ አልነበረም። በመጀመሪያ ከአውሮፕላን የወረደው ወረቀት ነው፤ ጳጳሳቱ አመፁን ያወገዙበት ጽሑፍ። ከወረቀቱ ቀጥሎ ቦምብ መጣ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ጉግሣ በውጊያው ላይ ወደቁ፤ በሁለተኛው ቀን ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ሰባት ወር አለፈ። ጥቅምት 22 ቀን 1923፣ በዘውዱ በዓል ዋዜማ፣ የእንግሊዙ ልዑልና የፈረንሳዩ ማርሻል በከተማው እንግድነት ተቀምጠው ሳሉ፣ አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ተገለጠ፤ ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንስቶ። ነጋ፤ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የዋዜማው ቀን በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስለኝም። የምኒልክን ልጅ ባል ድል አድርጎ ወደ ዙፋን የሚወጣ ሰው የምኒልክ ወራሽ እኔ ነኝ የሚልበት መንገድ ያስፈልገዋል፤ አንቺም ላይ በቦምብ የተገኘው ሥልጣን አራዳ ላይ በነሐስ ጸደቀ። የአገሪቱ የሥልጣን ክርክር ከሜዳ ወጥቶ አደባባይ የገባው በዚያ ዓመት ነው ብል የተጋነነ አይሆንም።

ጣሊያኖች ይህ ወዲያው ገብቷቸዋል። አዲስ አበባን እንደያዙ የምኒልክን ሐውልት አንስተው ቀበሩት፤ የይሁዳ አንበሳን ሮም ወሰዱት፤ በ1929 የአክሱምን ሐውልት አስከተሉ። ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ሮም ውስጥ በዚያ አንበሳ ፊት ሰይፍ መዝዞ ሰው ያቆሰለው፣ ተይዞም ጣሊያን ምድር ላይ ሕይወቱ ያለፈው፣ ለአገሩ ጥያቄ ሌላ አደባባይ ባልነበረበት ዘመን ነው። ከነጻነት በኋላ የምኒልክ ሐውልት ተቆፍሮ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። በሐረርም ለንጉሠ ነገሥቱ አባት ለራስ መኰንን የዩጎዝላቪያው ቀራጺ አንቱን አውጉስቲንቺች የሠራው ባለ ፈረስ ሐውልት ቆመ። ሁለቱም ደርግን ተሻገሩ።

ወደ 1983 ስንመጣ ማስረጃው ይበልጥ ይጠራል። የኢሕአዴግ ጦር ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በጉናና በደብረ ታቦር ዙሪያ ከደርግ ጋር ብዙ ደም የፈሰሰበት ውጊያ አድርጎ ነበር፤ በየካቲት 1983 ጎንደርንና ጎጃምን የያዘበትን ዘመቻም «ዘመቻ ቴዎድሮስ» ብሎታል፤ ደርግም ያሞግሰው በነበረው ንጉሥ ስም። ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ወጡ። ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። በእነዚህ ቀኖች መካከል አገሪቱ ገዥ አልነበራትም ማለት ይቻላል፤ በአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ የቆመው የሌኒን ሐውልት የወረደው በዚያው መካከል ነው፣ ግንቦት 15። አማፂው ጦር ገና አልገባም፣ ወታደራዊው መንግሥት ግማሹ ሄዷል። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለው የካርል ማርክስ ራስ ግን ዛሬም አለ። ሁለቱም የአንድ ርዕዮት ምልክት ነበሩ። ሕዝቡ ርዕዮቱን ጠልቶ ሐውልት ያፈረሰ ቢሆን ኖሮ ማርክስን የሚምርበት ምክንያት አልነበረውም። ሌኒን የወደቀው ማርክሲስት ስለነበረ ሳይሆን ያለፈው መንግሥት ምስል ስለነበረና የሚመጣው መንግሥት ገና ስላልመጣ ነው።

በሽግግሩ ዓመታት የምኒልክ ሐውልት ይነሳ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ተቃዋሚም አላጣም። ጊዜውን እንመልከት። ሰኔ 14 ቀን 1984 የተካሄደው የክልሎች ምርጫ የኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) ጥሎ የወጣበት ነበር። ማን ስለ ማን ይናገራል የሚለው ጥያቄ ያልተቆጠረ ድምፅ ይዞ ቀረ፤ ሐውልቱም ቆሞ ቀረ።

እዚህ ላይ ትልቁ ተቃውሞ ይመጣል። ምርጫ ሐውልት የማያስነካ ከሆነ የ1997ን እንዴት ትገልጸዋለህ ይባላል፤ ከዚያ የሞቀ ምርጫ አገሪቱ አይታ አታውቅምና። እኔ ግን ለክርክሬ ከ1997 የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ሚያዝያ 11 ቀን የአክሱም ሐውልት የመጀመሪያው ቁራጭ በግዙፉ አንቶኖቭ ተጭኖ አክሱም አረፈ፤ ሌሎቹ ሁለት ቁራጮች በዚያው ሰሞን ተከተሉ። ድምፅ ሊሰጥ አንድ ወር እንኳ አልቀረውም። ገዥው ፓርቲ ለቅስቀሳ የሚመች ጊዜ አገኘ ብሎ መጠርጠር ይቻላል፤ እኔም እጠረጥራለሁ። ተቃዋሚው ግን በሐውልቱ ላይ አልዘመተም። ሚያዝያ 29 የኢሕአዴግ ደጋፊ መስቀል አደባባይን ሞላ፤ በማግሥቱ ሚያዝያ 30 የቅንጅት ደጋፊ ያንኑ አደባባይ ከዳር እስከ ዳር አጥለቀለቀው፤ ሁለቱም በሰላም ተበተኑ። የምኒልክን ሐውልት ያወደሰም የረገመም በዚያው ከተማ ነበር፤ ሐውልቱን ግን የነካው አልነበረም። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ግንቦት 7ን ይጠብቅ ነበር። ሊቆጠር የሚችል ነገር በእጁ ያለ ሰው ነሐስ አያንገላታም። ቅንጅት አዲስ አበባ ላይ 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ። የአገሪቱ ውጤት ሲያወዛግብ ግን ሰኔ 1 ቀን፣ ቀጥሎም በጥቅምት 1998 ደም ፈሰሰ፤ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን መዘገበ። ያ ደም የፈሰሰው ድምፅ ተቆጥሮ ስላልታመነ ነው፤ ሐውልት ሥር አልነበረም፤ ምክንያቱም ጠቡ ገና ስለ ኮሮጆው ራሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኮሮጆው ትርጉሙን እያጣ ሄደ። በ2002 ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን፣ በ2007 አንድ ሳይቀር 547ቱንም ወሰዱ። በዚያው ዘመን የሐውልት ሥራ ደራ። መቀሌ፣ ባሕር ዳርና አዳማ ላይ የግንባሩ ድርጅቶች የሰማዕታት መታሰቢያ ነበራቸው፤ በ2006 ደግሞ አርሲ ሂጦሳ ላይ በምኒልክ ዘመቻ ደረሰ ለሚባለው ግፍ መታሰቢያ የአኖሌ ሐውልት ተመረቀ፤ የተቆረጠ እጅ የተቆረጠ ጡት ይዞ። ለገሚሱ ለዘመናት የተከለከለ ለቅሶ ነው፤ ለገሚሱ ስድብ ነው። በምርጫ የማይከራከሩ ሰዎች በድንጋይ መከራከር የጀመሩት ያኔ ነው። ሁሉንም መቀመጫ ካስገኘው ምርጫ በኋላ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ሲሞላ፣ ከሐምሌ 24 ቀን 2008 የጎንደሩ ሰልፍ ጀምሮ በባሕር ዳር፣ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ሌሎች ከተሞች ሕዝቡ ኮከብ የሌለበትን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ወጣ። ፓርላማ ውስጥ አንድ ወኪል የሌለው ቅሬታ ምልክት ይዞ መውጣቱ ሊያስገርም አይገባም።

ጉዳዩ ጥርት ብሎ የወጣው በ2012 ነው። ምርጫ ቦርድ ድምፅ መስጫውን ለነሐሴ 23 ቆርጦ ነበር። መጋቢት 22 ቀን በኮሮና ምክንያት በጊዜው እንደማይካሄድ አስታወቀ፤ ከአንቺም ጦርነት 90 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን መሆኑ እንግዲህ አጋጣሚ ነው። የመንግሥት የሥራ ዘመን ማብቃቱ ግን አጋጣሚ አልነበረም። ፓርላማውን መበተን፣ አስቸኳይ ጊዜ ማወጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ወይም መተርጐም የሚሉ አራት አማራጮች ቀረቡ፤ ትርጉሙ ተመረጠ፤ ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ዘመኑን አራዘመ። ተቃዋሚው ወገን «ከመስከረም 30 በኋላ መንግሥት የለም» ይል ነበር፤ ቀኑ ራሱ መፈክር ሆነ። ሰኔ 22 ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። ከዚያ አንድ ሳምንት በፊት በተላለፈ ቃለ ምልልሱ የምኒልክን ሐውልት አንስቶ ተናግሮ ነበር። በማግሥቱ ሐረር ላይ የራስ መኰንን ሐውልት ከነፈረሱ ተጎትቶ ወደቀ። በዚያው ቀን ለንደን ዊምብልደን፣ ካኒዛሮ መናፈሻ ውስጥ ለብዙ አሠርት ዓመታት የቆየው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ተሰባበረ። በቀጠሉት ቀኖች በኦሮሚያ በደረሰው ጥቃት ቢያንስ 123 ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኋላ ባወጣው ሪፖርት ገለጸ።

ይህን የምርጫ መራዘም ጉዳይ አድርጎ መመልከት ቁስልን ማቃለል ነው የሚል አለ፤ የሚናቅ ክርክር አይደለም። ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ በጥር 1879 ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ ጨለንቆ ላይ ለወደቁት መታሰቢያ ቆሟል፤ የከተማዋ ሰው ራስ መኰንንን በፈረስ ላይ ሲያይ የሚያስበው የአድዋውን ጀግና ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ቁስሉ እውነት ነው። ነገር ግን ቁስል ሁልጊዜ አለ፤ ጠቡ ግን ሁልጊዜ የለም። የራስ መኰንን ሐውልት በ1966 ቆሞ ነበር፣ በ1983 ቆሞ ነበር፣ በ1997 ቆሞ ነበር። በዘመናት ያልተለወጠ ቁስል የአንዲትን ቀን ድርጊት ብቻውን አይገልጽም። የጋፋቱን መድፍ የምፈልገውም ለዚህ ነው። ቁስል ብቻውን ሐውልት የሚያስጥል ቢሆን ኖሮ የሴባስቶፖል አምሳያ ከማንም በፊት በበጌምድር ሰው ይወድቅ ነበር። የማይወድቀው ዛሬ በቴዎድሮስ ስም ሥልጣን የሚከለከል ወይም የሚሰጠው ወገን ስለሌለ ነው፤ ሁሉም የእኔ ነው ይላቸዋል። ምኒልክና መኰንን ግን በዛሬው ክርክር ውስጥ ወገን ተደርገው ቆመዋል። የሃጫሉ ግድያ እሳቱን ለኮሰ ከተባለም እስማማለሁ፤ የተለኮሰው ግን ደርቆ ሲጠብቅ የነበረ ነገር ነው። ነገሩ የዓለም ማዕበል ነበር የሚለውም እውነትነት አለው፤ ከሐረሩ ሦስት ሳምንት በፊት ብሪስቶል ላይ የባሪያ ነጋዴው የኤድዋርድ ኮልስተን ሐውልት ወደብ ውስጥ ተጥሏል። እዚያም ቢሆን የከተማው ሰው ከሐውልቱ ሥር እውነተኛውን ታሪክ የሚናገር ጽሑፍ ይለጠፍ እያለ ለዓመታት ሲጠይቅ ቆይቶ፣ ክርክሩ ሳይቋጭ ነው ገመድ የመጣው።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይህኛው ይከብዳል። ምርጫው በመጨረሻ ሰኔ 14 ቀን 2013 ተካሄደ፤ ሐረር ድምፅ የሰጠችው ዘግይታ መስከረም 20 ቀን 2014 ነው። ገዥው ብልጽግና ፓርቲ ውጤታቸው ከታወቀው 436 መቀመጫዎች 410ሩን አሸነፈ። ታዲያ የካቲት 23 ቀን 2015 አድዋን ለማክበር ምኒልክ ሐውልት ሥር የተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ጊዮርጊስ ቅጥር ድረስ አስለቃሽ ጭስ የተተኮሰው፣ ሰውም የሞተው ስለምንድነው? ምርጫ አልነበረም፤ የተራዘመ ምርጫም አልነበረም። መልሴ ይህ ነው፤ የ2013ቱ ኮሮጆ ጥያቄውን አልጠየቀም። ምኒልክን የሚያከብረውም የሚወቅሰውም ፖለቲከኛ በአንድ ፓርቲ ዝርዝር ላይ ነበር፤ መራጩ አንዱን መርጦ ሌላውን ሊቀጣ አልቻለም። በዚያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ከምርጫው ሁለት ወር ሳይሞላ ጉና ሥር ደርሶ፣ ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ተመትታ ነበር። ክርክሩ በውስጥ ስብሰባ ስለተያዘ በውጭ ሐውልት ሥር ወጣ። ለዚህ የተሰጠው መልስ ሌላ ግንባታ ነው፤ በ2016 የካቲት የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ከምኒልክ አደባባይ አጠገብ ተመረቀ። የአማራ ክልል ግን ያን ጊዜ ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ጀምሮ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር፤ ደቡብ ጎንደርም ጥያቄው እንደገና በጠመንጃ ከሚጠየቅባቸው ቦታዎች አንዱ ሆኗል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙ ያልተወራለት አንድ ምርጫ አለ። ስለ አደባባይ ስም፣ ስለ ሐውልት ቦታ፣ ስለ መታሰቢያ በጀት ከማንም በፊት ሊመክር የሚገባው የከተማና የወረዳ ምክር ቤት ነው። የአካባቢ ምርጫ በመላ አገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው፤ ያኔም 33 ፓርቲዎች አልገባም ብለው ቀርተዋል። በ2010 መካሄድ የነበረበት ወደ ቀጣዩ ዓመት ተገፋ፣ ቀጣዩም ዓመት አለፈ። በ2013 አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ ምክር ቤታቸውን መረጡ። ደብረ ታቦር ላይ የቀረበው ኮሮጆ የፌዴራልና የክልል ምክር ቤት ብቻ ነበር።